በሙጫ የተያዙ ጢንዚዛዎች፦ የባልቲክ አምበር ቅሪተ አካላት ምደባ ታሪክ

አምበር ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ከዛፎች ቁስል የፈሰሰ ሙጫ በአሸዋና በደለል ተቀብሮ፣ በውስጡ የነበረው ተናኝ ዘይት ቀስ በቀስ ወጥቶለትና የኬሚካል ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተሳስረው የደነደነ ቅሪተ አካል ነው። የዕጣን ዛፍ ግንዱ ሲፋቅ ሙጫ እንደሚያፈልቅና ሙጫውም ሳይደርቅ ያረፈበትን ትንኝ ወይም ጉንዳን ይዞ እንደሚያስቀር ሁሉ፣ የጥንቶቹ ዛፎችም በቅርፊታቸው ላይ ይመላለሱ የነበሩትን ነፍሳት ይዘው አስቀርተዋል። በዚህ መንገድ ከተጠበቁት መካከል ጢንዚዛዎች የተለየ ቦታ አላቸው፤ ሳይንሳዊ ስም ያገኙት ዝርያዎቻቸው ብቻ ወደ 400,000 የሚጠጉ በመሆናቸው በምድር ላይ ከታወቁት እንስሳት ሩብ ያህሉን ይይዛሉና፣ ይህ ብዛት መቼና እንዴት እንደመጣ ለሚጠይቅ ተመራማሪ አምበር ከማይተኩ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

እነዚህን ጢንዚዛዎች የመመደብ ሥራ፣ ማለትም እያንዳንዱ ናሙና የየትኛው ቤተሰብ፣ በቤተሰቡም ውስጥ የየትኛው ወገን፣ በወገኑም ውስጥ የየትኛው ዝርያ እንደሆነ የመወሰን ሥራ፣ ከተጀመረ ሁለት መቶ ዓመታት አልፈዋል። በዚህ ዘመን ሁሉ የሥራው መሣሪያ ከእጅ አጉሊ መነጽር ተነሥቶ ግዙፍ የራጅ ማመንጫ እስከመሆን ደርሷል፤ ሥራው የሚቆምበት መሠረት ግን አልተለወጠም። ለአንድ ቅሪተ አካል የተሰጠ ስም የሚጸናው ስሙን ያገኘው ናሙና ተጠብቆ ሲቆይ፣ የመጣበት ቦታ ሲታወቅና ተከታዩ ትውልድ በተሻለ መሣሪያ ደግሞ ሊመረምረው ሲችል ብቻ ነው። የባልቲክ አምበር ታሪክ ይህ ሲሟላ የሚገኘውን ጥቅምና ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት ጎን ለጎን ያሳያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከጌጥ ንግድ ወደ ምርምር

በዓለም ከሚታወቁት የአምበር ምድሮች ሁሉ በብዛቱ የሚበልጠው በባልቲክ ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ የሚገኘው የሳምቢያ ልሳነ ምድር ሲሆን፣ ስፍራው ዛሬ በሩሲያ ግዛት በካሊኒንግራድ አካባቢ ይገኛል። አምበሩ የሚወጣው የማዕድን ሠራተኞች «ሰማያዊ አፈር» ብለው ከሰየሙት፣ አረንጓዴ ሰማያዊ መልክ ካለው አሸዋማ ንብርብር ነው፤ ይህ ንብርብር በባሕሩ ወለል ላይ በተጋለጠበት ቦታ ማዕበሉ አምበሩን እየፈነቀለ ወደ ዳርቻው ስለሚተፋው፣ የአካባቢው ሰዎች ከድንጋይ ዘመን ጀምረው ሰብስበውታል። ሮማውያን ይህን ዕቃ ከሰሜን ወደ ደቡብ በሚወርድ የታወቀ የንግድ መንገድ ያስመጡት ነበር። በ79 ዓ.ም. የሞተው ታላቁ ፕሊኒ አምበር የዛፍ ሙጫ መሆኑን ጽፎ፣ ሲታሽ የጥድ ዓይነት ሽታ መስጠቱንና በውስጡ ነፍሳት መታየታቸውን በማስረጃነት አቅርቧል፤ ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ የጻፈው ታሲተስም በውስጡ የሚታዩትን የሚሳቡና የሚበሩ ፍጥረታት ጠቅሶ ወደዚያው መደምደሚያ ደርሷል። በአምበር ውስጥ ያሉ ነፍሳት ለአንድ ሳይንሳዊ ክርክር ማስረጃ ሆነው የቀረቡት እንግዲህ የምደባ ሳይንስ ከመወለዱ አሥራ ሰባት መቶ ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ ነው።

በ13ኛው መቶ ዘመን ይህን ዳርቻ በጦር የያዘው የቴውቶናውያን የመስቀል ጦረኞች ማኅበር የአምበርን መሰብሰብና መሸጥ ለራሱ ብቻ አደረገ፤ ያለፈቃድ አምበር የሰበሰበ ሰው እስከ ስቅላት የሚደርስ ቅጣት ይጠብቀው ነበር። ጥሬው አምበር በብዛት የሚሄደው ወደ ሉቤክና ወደ ብሩዥ ሲሆን፣ በእነዚህ ከተሞች በማኅበር የተደራጁ የእጅ ባለሙያዎች ለካቶሊክ ምእመናን የጸሎት መቁጠሪያ ይሠሩበት ነበር። ለመቁጠሪያ ሠሪ የሚፈለገው ጥርት ያለ ቁራጭ ነውና፣ ነፍሳት የያዘው አምበር ልዩ ዋጋ ማግኘት የጀመረው በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዘመን መሳፍንትና ሀብታሞች ብርቅ ነገሮችን የሚያከማቹባቸው ክፍሎች በአውሮፓ ከተስፋፉ በኋላ ነው። ፍላጎቱ ሲያድግ ማጭበርበሩም አብሮ አደገ፤ ሻጮች አምበርን ለሁለት ሰንጥቀው፣ ውስጡን ቦርቡረው፣ በዘመናቸው የሚኖር እንሽላሊት ወይም እንቁራሪት ከከተቱበት በኋላ መልሰው እያጣበቁ ይሸጡ ነበር።

ከእነዚህ ስብስቦች አንዱን በሥርዓት የመረመረው የኤልቢንግ ከተማ ሐኪም ናትናኤል ዜንደል ነው። ዜንደል በድሬስደን ይገኝ የነበረውን የሳክሶኒ ገዥ የኃያሉ አውግስጦስን የአምበር ስብስብ ከብዙ ሥዕሎች ጋር ገልጾ በ1742 አሳተመ። መጽሐፉ የወጣው ዛሬ የሚሠራበት የስም አሰጣጥ ሥርዓት ከመጽናቱ በፊት ስለሆነ በውስጡ የሚገኙት ነፍሳት ሳይንሳዊ ስም የላቸውም፤ ስም የሚሰጥበት ዘመን ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ ስብስቡን ለማየት የሚቻልበት ጊዜ አጭር ነበር፣ በ1849 በድሬስደን በተነሣው ሕዝባዊ ዐመፅ መካከል በደረሰ ቃጠሎ ስብስቡ ጠፍቷልና። በዚህ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ኪሳራ፣ መግለጫው ቀርቶ የተገለጸው ነገር የመጥፋቱ ኪሳራ፣ መጀመሪያ የታየው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስሞች

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ባሳተመው የተፈጥሮ ሥርዓት መጽሐፍ አሥረኛ እትም ለእያንዳንዱ እንስሳ ሁለት ቃላት ያሉት ስም ሰጠ፤ የመጀመሪያው ቃል ወገኑን፣ ሁለተኛው ዝርያውን ያመለክታል። የፊት ክንፎቻቸው ጠንክረው የኋላዎቹን ስስ ክንፎች የሚሸፍኑ ነፍሳትን ሁሉ ሊኔየስ ኮሊኦፕቴራ በተባለ ክፍለ መደብ ሰበሰባቸው፤ ጢንዚዛዎች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አራት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ኤቲየን ሉዊ ዦፍሯ በ1762 ጢንዚዛዎችን በእግራቸው ጫፍ ላይ ባሉት ትናንሽ አንጓዎች ቁጥር መከፋፈል ጀመረ። አንዳንዶቹ ጢንዚዛዎች በስድስቱም እግሮች ላይ አምስት አምስት አንጓ ሲኖራቸው፣ ሌሎች በፊትና በመካከለኛ እግሮቻቸው አምስት፣ በኋላ እግሮቻቸው ግን አራት ብቻ አላቸው። ይህ ቆጠራ እስከ ዛሬ ድረስ አንድን ጢንዚዛ ወደ ቤተሰቡ ለመምራት ከሚያገለግሉት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ሆኖ ስለቀጠለ፣ በአምበር ውስጥ ያለ ጢንዚዛን ለሚመረምር ሰው በኋላ እግር ጫፍ ላይ የተቀመጠች አንዲት የአየር አረፋ ትልቅ እንቅፋት ልትሆን ትችላለች።

ይህን ሥርዓት በአምበር ውስጥ ላሉ ጢንዚዛዎች በግልጽ ከተገበሩት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ ጀርመናዊው ኤርንስት ፍሪድሪክ ገርማር ሲሆን፣ በሃለ ዩኒቨርሲቲ የማዕድን ስብስብ ውስጥ ያገኛቸውን ነፍሳት በ1813 ገልጾ አሳትሟል። ገርማር ከዘመኑ ብዙ ሰዎች የተለየ ጥያቄ ማንሣቱ አስፈላጊ ነበር፤ በአምበሩ ውስጥ ያለው ጢንዚዛ ዛሬ በአውሮፓ ጫካ ከሚኖረው ጋር አንድ ነው ወይስ ሌላ ዝርያ ነው የሚለውን ጥያቄ በአካል ክፍሎች ንጽጽር ለመመለስ ሞክሯልና። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ዊልያም ሆፕም በ1830ዎቹ የአምበር ነፍሳትን የተመለከተ ጥናት ለለንደን የነፍሳት ጥናት ማኅበር አቅርቧል፤ ሩሲያዊው ቪክቶር ሞትሹልስኪ ደግሞ በ1856 ከባልቲክ አምበር ውስጥ ጢንዚዛዎችን ሰይሟል።

በዚሁ ዘመን በዳንዚግ፣ ማለትም በዛሬዋ ግዳንስክ፣ ይኖር የነበረው ሐኪም ጌኦርግ ካርል በሬንት የባልቲክን አምበር ፍጥረታት ሁሉ በአንድ ታላቅ ሥራ ለማጠቃለል ተነሣ። ዕፅዋቱን፣ ሸረሪቶቹን፣ ፌንጣ መሰሎቹንና ሌሎቹን ነፍሳት ለየሙያቸው ሊቃውንት እያከፋፈለ ከ1845 ጀምሮ ማሳተም ያዘ፤ በሬንት በ1850 ከሞተ በኋላም ጓደኞቹ ሥራውን እስከ 1856 ቀጠሉበት። በብዛታቸው ከፊት ሊሰለፉ የሚገባቸው ጢንዚዛዎች ግን በዚህ ታላቅ ሥራ ውስጥ የራሳቸውን ክፍል ሳያገኙ ቀሩ። የበሬንት ስብስብ በበርሊን የተፈጥሮ ሳይንስ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ስለቆየ፣ እርሱ ያልጨረሰውን ሌሎች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ሊቀጥሉበት ችለዋል፤ በ1984 ፍሪትስ ሂከና ኤሪካ ፒትርዜኒዩክ የዚሁኑ ቤተ መዘክር የአምበር ጢንዚዛዎች ዝርዝር አሳትመዋል።

የኮኒግስበርግ ዘመን

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የአምበር ሥራ ከዳርቻ ለቀማ ወደ ኢንዱስትሪ ተለወጠ። ፍሪድሪክ ዊልሄልም ሽታንቲንና ሞሪትዝ ቤከር የመሠረቱት የንግድ ድርጅት በኩርሽ የባሕር ወሽመጥ ዳር በሽዋርዞርት በእንፋሎት ኃይል በሚሠሩ መቆፈሪያ ጀልባዎች ከውኃው በታች አምበር ያወጣ ጀመር፤ ቀጥሎም ዛሬ ያንታርኒ በምትባለው በፓልምኒከን ሰማያዊውን አፈር የሚከተል የከርሰ ምድር ማዕድን ከፈተ። ጥቃቅኑና ጥራት የጎደለው አምበር እየቀለጠ ለቀለም ቅባት ይውል ስለነበር፣ የሚወጣው መጠን መብዛቱ ነፍሳትን ከጥፋት የሚያድን ዓይን ከሌለበት ለሳይንስ ጥቅም አልነበረውም። ያንን ዓይን ያስገኘው ድርጅቱ በሥራው ያሰለፈው የምድር ሳይንስ ሊቅ ሪቻርድ ክሌብስ ነው፤ ክሌብስ ከማዕድኑ የሚወጣውን እየመረጠ ለድርጅቱ ቤተ መዘክር ስብስብ አደራጀ፣ ለራሱም ሌላ ታላቅ ስብስብ አከማቸ።

የምደባ ሥራው በዚህ ጊዜ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ አልነበረም። የዳንዚግ መድኃኒት ቀማሚ ኦቶ ሄልም የአምበርን የኬሚካል ባሕርይ ሲመረምር፣ የባልቲክ አምበር ሱክሲኒክ አሲድ በተባለ ንጥረ ነገር ይዘቱ ከሌሎች አገሮች አምበር እንደሚለይ አስረዳ፤ ይህ ልዩነት ዛሬም አንድ ቁራጭ ከባልቲክ መምጣቱን ለማረጋገጥ ያገለግላል። ሄልም ራሱ ጢንዚዛ ሰብሳቢም ነበርና ስለ ስብስቡ ጽፏል። ሉድቪግ ዊልሄልም ሻውፉስ ደግሞ በቅጠል ብስባሽ ውስጥ የሚኖሩትንና ብዙውን ጊዜ ርዝመታቸው ሁለት ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነውን፣ ፕሴላፊድ የሚባሉትን አጭር ክንፍ ጢንዚዛዎች ለይቶ በ1890 ገለጸ። በመጨረሻም ክሌብስ በ1910 በኮኒግስበርግ፣ ማለትም በዛሬዋ ካሊኒንግራድ፣ በራሱ ስብስብ ውስጥ ያሉትን ጢንዚዛዎች የሚዘረዝር ጥናት አወጣ፤ ናሙናዎቹን በመለየት ረገድ በዘመኑ ታላቅ የጢንዚዛ ሊቅ የነበረው የሞራቪያው ኤድሙንድ ራይተር አግዞታል።

የ1910ሩ ዝርዝር ጥንካሬውም ድካሙም ግልጽ ነው። በባልቲክ ጫካ የነበሩትን የጢንዚዛ ቤተሰቦች በአንድነት ያሳየ የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት ስለሆነ ለብዙ አሥርት ዓመታት የመስኩ መሠረት ሆኖ አገልግሏል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ናሙናዎች በውስጡ የሰፈሩት በወገን ስም ብቻ ሆኖ የዝርያ መግለጫና ሥዕል የላቸውም። ስለዚህ አንድ የኋላ ተመራማሪ ዝርዝሩ ትክክል መሆኑን ለማረጋገጥ ሲፈልግ ማየት የሚገባው ናሙናዎቹን ራሳቸውን ነው። ክሌብስ በ1911 ከሞተ በኋላ ስብስቡ ወደ ኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የዩኒቨርሲቲው የአምበር ስብስብም በዓለም ከነበሩት ሁሉ ትልቁ ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ከተማይቱ በቦምብ ስትፈርስና በ1945 በሶቪየት ሠራዊት ስትያዝ ከስብስቡ ብዙው ጠፋ፤ ወደ ምዕራብ የተጓዘው ክፍል ብቻ ተርፎ ዛሬ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ይገኛል። በዚያ ጥፋት ምክንያት ከ1910ሩ ዝርዝር ውስጥ ናሙናቸው የጠፋ ስሞች ማንም ሊያጸናቸውም ሊሽራቸውም የማይችል ስሞች ሆነው ቀርተዋል።

ምደባው የሚሠራበት መንገድ

አንድ ጥሬ አምበር ተመራማሪው ዘንድ ሲደርስ ውጫዊው ክፍል በአየርና በብርሃን ያረጀ፣ የቆሸሸና የተሰነጣጠቀ ስለሆነ በውስጡ ያለውን በግልጽ ለማየት አይቻልም። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይፋቃል፤ ቀጥሎም በጢንዚዛው ጀርባ፣ ሆድና ጎን አንጻር ጠፍጣፋ ገጽ እንዲኖረው ተደርጎ እየተሞረደ ይወለወላል፣ ጠመዝማዛ ገጽ ብርሃንን እያጣመመ የአካሉን መጠን ያዛባልና። በባልቲክ አምበር ላይ ሌላም ችግር አለ፤ የነፍሳቱ አካል ሲበሰብስ ያወጣው ፈሳሽና ጋዝ በሙጫው ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎችን ፈጥሮ ብዙውን ጊዜ አንዱን ጎን በነጭ ሽፋን ይጋርደዋል። ከሆዱ በታች ያሉት ሳህኖች፣ የእግር መጋጠሚያዎቹና የአፍ ክፍሎቹ በዚህ ሽፋን ሲሸፈኑ ለምደባ ዋና የሆኑት ምልክቶች ይሰወራሉ።

ሊታዩ የቻሉት ምልክቶች በቅደም ተከተል ይመዘገባሉ። የአንቴናዎቹ አንጓዎች ቁጥርና ቅርጽ፣ የደረቱ ጠርዝ፣ በክንፍ ሽፋኖቹ ላይ ያሉት መስመሮችና ነጠብጣቦች፣ የእግሮቹ መጋጠሚያ ጉድጓዶች ክፍት ወይም ዝግ መሆን፣ የእግር ጫፍ አንጓዎች ቁጥርና የሆድ ሳህኖች ብዛት ተጽፈው ዛሬ በሕይወት ካሉት ወገኖች ጋር ይነጻጸራሉ። ናሙናው ከታወቁት ሁሉ የተለየ ሆኖ ሲገኝ አዲስ ስም ይሰጠዋል፤ ይህ አንድ ናሙናም የስሙ ዋቢ ይሆናል። ዋቢ ናሙና ማለት ስሙ ለዘለዓለም የተያያዘበት፣ ወደፊት ስለዚያ ዝርያ ክርክር ቢነሣ መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ናሙና ነው። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስም አሰጣጥ ደንብ መሠረት ቅሪተ አካላትም ሆኑ ሕያዋን በዚህ አንድ ሕግ ይገዛሉ።

የተመደቡት ጢንዚዛዎች ሲሰበሰቡ የአንድ ጫካ መልክ ይወጣል። የባልቲክ አምበር ዘመን ኢዮሲን በተባለው የምድር ታሪክ ክፍል ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ34 እስከ 48 ሚሊዮን ዓመት ባለው ክልል ይገመታል። በውስጡ በብዛት የሚገኙት በሞተ እንጨት ውስጥ የሚራቡ ጢንዚዛዎች፣ በጀርባቸው ሲገለበጡ ድምፅ አሰምተው የሚዘሉት ኤላቴሪድ የሚባለው ቤተሰብ አባላት፣ እጮቻቸው በውኃ ውስጥ የሚያድጉት የረግረግ ጢንዚዛዎችና አበባ ላይ የሚውሉ ትናንሽ ዝርያዎች ናቸው። ዴንማርካዊው ስቬን ጊስሌ ላርሰን በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ ነፍሳቱን በቤተሰብ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በኑሯቸው ስፍራ አደራጅቶ፣ በግንድ ላይ የሚኖሩትን፣ በቅርፊት ሥር የሚሸሸጉትንና በውኃ ዳር የሚገኙትን ለያይቶ አቅርቧል። ይሁን እንጂ አምበር የጫካውን ነዋሪዎች ሁሉ በእኩል አይመዘግብም፤ ጉልበት ያለው ትልቅ ጢንዚዛ ከሙጫው ተላቅቆ ሲሄድ ጥቃቅኑ ይቀራል፣ ከዛፍ ርቆ በሜዳ የሚኖረው ደግሞ ሙጫው ዘንድ አይደርስም።

ምደባው ከሌላ ጥያቄ ጋርም ይተሳሰራል። ሙጫውን ያፈለቀው ዛፍ በ19ኛው መቶ ዘመን እንደ ጥድ መሰል ዛፍ ተቆጥሮ ሁጎ ኮንቬንትስ በ1890 በፒነስ ወገን ውስጥ መድቦት ነበር፤ የኬሚካል ምርመራዎች ግን ይህን አላጸኑም፣ በ2009 የወጣ ጥናትም ዛሬ በጃፓን አንድ ዝርያ ብቻ የተረፈለትን የሲያዶፒትስ ቤተሰብ አመልክቷል። ጢንዚዛዎቹም ተመሳሳይ ታሪክ ይነግራሉ። ኩፔዲድ የሚባሉት ጥንታዊ ጢንዚዛዎች ዛሬ በአውሮፓ በተፈጥሮ አይገኙም፤ በባልቲክ አምበር ውስጥ ግን አሉ፤ ይህም የአውሮፓ ጫካ በዚያ ዘመን ሞቃታማ እንደነበረና ዛሬ በሩቅ አህጉሮች ብቻ ያሉ ወገኖች ቀድሞ ሰፊ ምድር ይኖሩበት እንደነበር ያስረዳል። እንዲህ ያለው መደምደሚያ ሁሉ የሚቆመው ምደባው ትክክል በሆነ መጠን ብቻ ነው።

ስሕተትና ማረሚያው

በዚህ መስክ ስሕተት የሚገባበት የመጀመሪያው በር ኮፓል ነው። ኮፓል ከመቶዎች እስከ ሺዎች ዓመታት ብቻ የቆየ፣ ገና ያልደነደነ ሙጫ ሲሆን፣ በዛንዚባር፣ በታንዛኒያ ዳርቻና በማዳጋስካር በብዛት ይወጣ ነበር። በዓይን ሲታይ አምበር ስለሚመስል በውስጡ ያለ ዛሬም የሚኖር ጢንዚዛ የሚሊዮኖች ዓመታት ዕድሜ ሊሰጠው ይችላል። በአልኮል ወይም በአሴቶን ሲነካ ኮፓል መጣበቅ ይጀምራል፤ አምበር ግን ይቋቋማል። ኡርሱላ ሽፓር በ1981 የአምበርን ጢንዚዛዎች ስም በአንድ መጽሐፍ ስታጠናቅር የአምበሩንና የኮፓሉን ጢንዚዛዎች በአንድነት መመዝገቧ፣ በቀደሙት ጽሑፎች ሁለቱ ምን ያህል ተቀላቅለው እንደኖሩ ያመለክታል።

ሁለተኛው በር ማጭበርበር ነው። በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የነበረች አንዲት የቤት ዝንብ ዘመድ፣ ዛሬም በሕይወት ያለ ዝርያ ሆና ሳለ በባልቲክ አምበር ውስጥ የተገኘች ተብላ ትታወቅ ነበር፤ የዘመናዊውን የዝምድና ምደባ ዘዴ የመሠረተው ጀርመናዊው ቪሊ ሄኒግ ራሱ በ1966 ይህን ተቀብሎ ጽፎባታል። በ1993 አንድሩ ሮስ ናሙናዋን በማይክሮስኮፕ ሥር ሲመረምር አምበሩ ተሰንጥቆ፣ ተቦርቡሮና ተመልሶ የተጣበቀ መሆኑን አገኘ። ማታለሉ የተገለጠው ናሙናዋ በቤተ መዘክሩ ተጠብቃ ስለቆየች እንጂ በሄኒግ ጽሑፍ ላይ ብቻ በተደረገ ክርክር አይደለም።

ሦስተኛው ስሕተት ከተስፋ የመጣ ነበር። በዚያው በ1993 ራውል ካኖ፣ ጆርጅ ፖይናርና ባልደረቦቻቸው ከ120 እስከ 135 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው የሊባኖስ አምበር ውስጥ ከነበረ የነቀዝ ዘመድ፣ ሊባኖራይነስ ሱክሲነስ ከተባለ ጢንዚዛ፣ ዲኤንኤ አውጥተናል ብለው ኔቸር በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ዲኤንኤ የዘር መረጃ የሚተላለፍበት ሞለኪውል በመሆኑ፣ ግኝቱ እውነት ቢሆን ኖሮ የጥንት ጢንዚዛዎችን ዝምድና ከሕያዋኑ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር በተቻለ ነበር። በለንደን ያሉ ተመራማሪዎች በ1997 ያወጡት የድጋሚ ሙከራ ግን ከአምበር ነፍሳት ምንም ጥንታዊ ዲኤንኤ አላገኘም፤ በ2013 የማንቸስተር ተመራማሪዎች ከኮፓል ውስጥ ካሉ ነፍሳት እንኳን አላገኙም። ስለዚህ የአምበር ጢንዚዛዎች ምደባ ወደ ጥንተ መሠረቱ፣ ወደ አካል ቅርጽ ምርመራ ተመለሰ።

በራጅ የሚገለጥ አካል

የቅርጽ ምርመራው ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው ሲንክሮትሮን በተባለ መሣሪያ አማካይነት ነው። ሲንክሮትሮን ኤሌክትሮኖችን በክብ መንገድ በታላቅ ፍጥነት እያዞረ እጅግ ብርቱ ራጅ የሚያመነጭ ግዙፍ ተቋም ሲሆን፣ ናሙናው በጨረሩ ፊት እየዞረ ሲነሣ ኮምፒውተር ምስሎቹን አቀናጅቶ የአካሉን ውስጥና ውጭ በሦስት አቅጣጫ ያሳያል። ነጭ ሽፋን የጋረደው ሆድ፣ በአረፋ የተሸፈነ እግር፣ ጨርሶ ብርሃን በማያሳልፍ አምበር ውስጥ ያለ ጢንዚዛ ሁሉ በዚህ መንገድ ይታያል፤ ናሙናውም ተጨማሪ መሞረድ አያስፈልገውም።

በ2011 ሚሼል ፔሮና ፖል ታፎሮ በፈረንሳይ በግሬኖብል ከተማ ባለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን አንድ የባልቲክ አምበር ጢንዚዛ መርምረው የወንዴውን የመራቢያ አካል ከሆዱ ውስጥ በምስል ለይተው አወጡ። በብዙ የጢንዚዛ ወገኖች ውስጥ ከላይ የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎች የሚለዩት በዚህ አካል ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ሕያዋን ጢንዚዛዎችን የሚመድቡ ሊቃውንት ናሙናውን ከፍተው ይመረምሩታል፤ ቅሪተ አካልን ግን ሳይሰብሩ እንዲህ ማድረግ ቀድሞ አይቻልም ነበር። ተመራማሪዎቹ አዲሱን ዝርያ የረዳቸውን ዘዴ በሚያስታውስ ስም ኔማደስ ማይክሮቶሞግራፊከስ ብለው ሰየሙት። ከዚህ ሥራ በኋላ የቅሪተ አካልና የሕያዋን ጢንዚዛዎች ምደባ በአንድ ዓይነት ማስረጃ ላይ ሊቆም እንደሚችል ታወቀ፤ ቀድሞ በውጫዊ መልክ ብቻ ዛሬ ባሉ ወገኖች ውስጥ የገቡ የአምበር ጢንዚዛዎችም ናሙናቸው ያለላቸው እንደገና ሊጠየቁ ይችላሉ።

ከባልቲክ ውጭና በኢትዮጵያ

የባልቲክ ታሪክ ያስተማረው ትምህርት ዛሬ በሌሎች የአምበር ምድሮች ላይ ይፈተናል። በሰሜን ምያንማር ከሁኮንግ ሸለቆ የሚወጣው አምበር ወደ 99 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ አለው፤ ከእርሱ ውስጥ በ2019 የተገለጸው አንጊሞርዴላ ቡርሚቲና የተባለ ጢንዚዛ በአካሉ ላይ የአበባ ብናኝ ይዞ ስለተገኘ፣ ነፍሳት አበባን ያዳቅሉ እንደነበር የሚያሳየውን ማስረጃ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ወደ ኋላ ወስዶታል። ጢንዚዛው ሞርዴሊድ ከተባለው አበባ አዘውታሪ ቤተሰብ መሆኑ በትክክል ባይመደብ ኖሮ ብናኙ ብቻውን ይህን ያህል አይናገርም ነበር። ሆኖም የማዕድኑ አካባቢ በትጥቅ ግጭት የታመሰ፣ በ2017 ደግሞ በምያንማር ጦር የተያዘ በመሆኑና ብዙ ናሙናዎች በግል ገዢዎች እጅ በመግባታቸው፣ በ2020 የአከርካሪ አጥንት እንስሳት ቅሪተ አካል ጥናት ማኅበር መጽሔቶች ከዚህ ምድር የሚመጡ አዳዲስ ናሙናዎችን ከማሳተም እንዲታቀቡ ጠይቋል። በግል እጅ ያለ ዋቢ ናሙና ነገ ለምርመራ መቅረቡ ዋስትና የለውም።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። በ2010 አሌክሳንደር ሽሚትና ባልደረቦቹ ከሰሜን ምዕራቡ ከፍተኛ ምድር የተገኘ አምበር መርምረው፣ በውስጡ ያሉትን ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ሻጋታና ሌሎች ፍጥረታት ገልጸው፣ ዕድሜውንም ከ93 እስከ 95 ሚሊዮን ዓመት ገመቱት። የኋላ ጥናቶች፣ በተለይም በአበባ ብናኝና በተያዙት ፍጥረታት ላይ የተደረጉት፣ አምበሩ ከዚህ በጣም ያነሰ ዕድሜ ያለው፣ ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት በሚደርሰው የማዮሲን ዘመን መጀመሪያ የሚመደብ መሆኑን አሳዩ። በ2022 ከዚሁ አምበር የተገለጸው ዴሲዮፖኔ ሄሬኦን የተባለ የጉንዳን ወገንና ዝርያ በሐምቡርግ በሚገኝ የራጅ ማመንጫ ተመርምሮ የታወቀ ነው። የዕድሜው ግምት በሰባ ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ሊታረም የቻለው፣ ነፍሳቱን የሚመድበው ሰውና ንብርብሩን የሚመረምረው ሰው የየራሳቸውን ማስረጃ ጎን ለጎን ስላስቀመጡ ነው።

ለዚህ ምድር ከባልቲክ ታሪክ የሚወሰደው ሥርዓት ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ስፍራና ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በወጣበት ቀን ሊመዘገብ ይገባል፤ ስም የተሰጠው ናሙና ለሁሉም ተመራማሪ ክፍት በሆነ የሕዝብ ተቋም ሊቀመጥ ይገባል፤ በሦስት አቅጣጫ የተነሣው የራጅ ምስልም አንድ ቅጂ ናሙናው በወጣበት አገር ሊኖር ይገባል። የዛሬ ተመራማሪ የበሬንትን ስብስብ በበርሊን ሊያይ የሚችለውና ከክሌብስ ስብስብ የጠፋውን ሊያይ የማይችለው በአንድ ምክንያት ነው፤ ያም ስብስቡ መጠበቁ ወይም አለመጠበቁ ነው። ስለሆነም ጢንዚዛን ለመመደብ የሚደክም ሊቅ ከሚሰጠው ስም እኩል ለስሙ ዋቢ የሚሆነውን ናሙና መጠበቅ ግዴታው ነው፤ እርሱ ያላየውን የሚያይ ትውልድ ሥራውን የሚያርመውም ሆነ የሚያጸናው በዚያ ናሙና ብቻ ነውና።